አሳማ የማይበላ ሰው እና የእንግሊዝ ቁርስ

የእንግሊዝ ቁርስ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምቆርጠው ቋሊማውን ነው። እንቁላሉን ገና ከሩቁ አይቼዋለሁ። አስኳሉ ይፍሰስ ይድረቅ፣ ጠርዙ ይረር አይረር በዓይን ይታወቃል። ቲማቲሙ ቲማቲም ነው። እንጉዳዩም እንጉዳይ። ቦሎቄው ከቆርቆሮ መውጣቱን ማንም አይደብቅም። ቋሊማ ግን ተፈጭቶ፣ ተለውሶ፣ ተሞልቶ፣ ታስሮ የሚመጣ ነገር ነው፤ ውስጡ ያለውን የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ቤቱን የምመዝነው በእሱ ነው። ለቋሊማ የተጨነቀ ሰው እንቁላሉን አያበላሽም። ቋሊማው ላይ የቆጠበ ግን ዳቦውም ላይ ይቆጥባል፣ ቅቤውም ላይ ይቆጥባል፣ ሻዩንም ያቀጥነዋል።

ችግሩ እኔ አሳማ አልበላም። ምክንያቱን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያደግነው እንደዚያው ነው። ለንደን ስለመጣሁ አመሌን የምቀይርበት ምክንያት አልታየኝም። የእንግሊዝ ቁርስ ግን ከላይ እስከ ታች አሳማ ነው። ቤከኑ አሳማ። ቋሊማው አሳማ። ብላክ ፑዲንግ የሚሉት ጥቁር ነገር ደግሞ የአሳማ ደም ከስብና ከእህል ጋር ተደባልቆ የሚሠራ ነው። በድሮው ደንብ ከሄድን ዳቦው እንኳን የሚጠበሰው ከቤከኑ በቀለጠው ስብ ነው። እነዚህን ስታወጡ የሚቀራችሁ እንቁላል፣ ቲማቲም፣ እንጉዳይና ቦሎቄ ነው። አይከፋም። ብዙ የአበሻ ወዳጆቼ "ቬጂ" ብለው ያዝዙና ነገሩን ይዘጉታል። እኔ ግን እንቁላሉ አጠገብ ጋደም ያለ፣ ቢላዋ ሲነካው ወዝ የሚያወጣ ሥጋ ካላየሁ ቁርሱ ጎዶሎ ይሆንብኛል። እናም ፍለጋ ገባሁ፤ በአሳማ አገር ጥሩ የበሬ ቋሊማ ፍለጋ።

መጀመሪያ የለመድኩት ማሸጊያ ማንበብ ነው። እዚህ አገር አንድን ነገር "የአሳማ ቋሊማ" ብሎ ለመሸጥ ቢያንስ 42 በመቶው የአሳማ ሥጋ መሆን አለበት። አርባ ሁለት! ከግማሽ በታች ነው እኮ። የበሬ ሲሆን ሕጉ የሚጠይቀው ከዚያም ያነሰ ነው። ደግሞ "ሥጋ" ሲባል እኛ የምናስበው ቀይ ሥጋ ብቻ አይምሰላችሁ። በሕጉ አቆጣጠር ከሥጋው ጋር የተያያዘ ስብና ጅማትም እስከ ተወሰነ መጠን ሥጋ ነው። ለአሳማ ስቡ እስከ 30 በመቶ፣ ለበሬና ለበግ እስከ 25 በመቶ ድረስ ሥጋ ተብሎ ይቆጠራል። የተረፈውን ቦታ ውሃ፣ የደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ስታርች፣ ጨው፣ ቅመምና እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር ይሞላዋል። ሁሉም ሕጋዊ ነው። ማንም አልዋሸም። ግን ሥጋው ከዚያ ዝቅተኛ መጠን ያልዘለለ ቋሊማ መጥበሻ ላይ ሲወጣ ውሃውን ይለቅና ጥብስ መሆኑ ቀርቶ ቅቅል ይሆናል፤ ስትነክሱትም ጥርስ የሚይዘው ነገር የለውም።

ደግነቱ ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ያለው ይቀድማል። የሥጋው መጠንም በመቶኛ ይጻፋል። ስለዚህ እኔ ፓኬት አንስቼ ፊት ለፊቱን አላየውም፤ ገልብጬ ጀርባውን ነው የማየው። ፊቱ ላይ አረንጓዴ መስክ፣ አሮጌ ጎተራና ፈገግ ያለ ገበሬ ይኖራል። ጀርባው ላይ ሥጋው 80 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ቅርጫቴ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ቃል ውሃ ከሆነ ቀስ ብዬ ወደነበረበት እመልሰዋለሁ። አንድ ሌላ የምፈልገው ቃል አለ፦ ሰልፋይት። ቋሊማው ቶሎ እንዳይበላሽና ቀለሙ እንዳይጠቁር የሚጨመር ነው። አስም ያለበትን ሰው ሊቀሰቅስበት ስለሚችል ማሸጊያው ላይ ጎላ ብሎ ይጻፋል። የሳምንት ዕድሜ ያለው ቋሊማ ውስጥ አይጠፋም። ዛሬ ሠርቶ ዛሬና ነገ የሚሸጥ ሉካንዳ ግን ሳይጨምርም ሊሠራ ይችላል።

የዳቦው ፍርፋሪ ነገር ግን ትንሽ ፍትሕ ይፈልጋል። ራስክ ይሉታል፤ ያለ እርሾ ተጋግሮ፣ ደርቆ የተፈጨ ስንዴ ነው። ጀርመንና ጣሊያን ቋሊማ የለመደ ሰው ይሄን ሲሰማ አፍንጫውን ይነፋል፤ "ዳቦ በሥጋ ዋጋ!" ይላል። እኔ አልስማማም። በልኩ ሲሆን ራስክ የሚቀልጠውን ስብና የሥጋውን ጭማቂ ይዞ ያስቀረዋል፤ የእንግሊዝ ቋሊማ ያን ለስላሳነቱን ያገኘው ከእሱ ነው። ከሻይና ከእንቁላል ጋር ጠዋት የሚበላ ነገር ድርቅ ብሎ ሊያንቅ አይገባውም። ጥፋቱ ያለው መጠኑ ላይ ነው። ታሪኩም አለ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሥጋ ሲጠፋ ቋሊማው ውስጥ ውሃውና እህሉ በዛ፤ ውሃው መጥበሻ ላይ ሲፈላ ቆዳውን ቷ እያደረገ ይፈነዳ ነበር፤ "ባንገርስ" የሚለው ቅጽል ስም የመጣው ከዚያ ነው ይባላል። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ሥጋና ቤከን በራሽን ሲታደሉ ቋሊማ ከራሽኑ ውጭ ነበር። ነበር ማለት ግን ይገኝ ነበር ማለት አይደለም፤ ሲገኝም ውስጡ ዳቦ የበዛበት ነበር። የሥጋ ራሽን ያበቃው ከተጀመረ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1954 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም የፈረንጆቹ ናቸው)። አሥራ አራት ዓመት ማለት አንድ ልጅ ተወልዶ ጎረምሳ እስኪሆን ነው። በዚያ ጣዕም ያደገ ትውልድ ቋሊማ ማለት ይሄ ነው ብሎ ቢቀበል አይፈረድበትም።

ኩምበርላንድ ስለሚባለው ሳልናገር ካለፍኩ እንግሊዞቹ ይቀየሙኛል። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የሚሠራ፣ በየመሐሉ ሳይታሰር እንደ ገመድ ተጠቅልሎ የሚሸጥ፣ ቁንዶ በርበሬው ጠንከር ያለ ቋሊማ ነው። በ2011 "ትራዲሽናል ኩምበርላንድ" የሚለው ስም ጥበቃ አገኘ፤ በዚያ ስም ለመሸጥ እዚያው አካባቢ መሠራትና ሥጋው ቢያንስ 80 በመቶ መሆን አለበት። ሊንከንሻየር የሚባለው ደግሞ የሚታወቀው ሴጅ በሚሉት ቅጠል ነው። ሁለቱም አሳማ ስለሆኑ ጣዕማቸውን አልመሰክርም። ቅመማቸውን ግን ከበሬ ጋር አግኝቼዋለሁ። የኩምበርላንዱ ቁንዶ በርበሬ ለበሬ የተፈጠረ ይመስላል። ሴጁ ግን ከበሬ ጋር ሲሆን የመድኃኒት ጠረን ያመጣል፤ በጣም በትንሹ ካልሆነ እኔ አልወደውም።

የበሬ ቋሊማ ከአሳማው ይልቅ ለመሥራት ያስቸግራል። ምክንያቱ ስቡ ነው። የአሳማ ስብ ለስላሳ ነው፤ በትንሽ ሙቀት ይቀልጣል፣ ሲበርድም ቶሎ አይረጋም። የበሬ ሞራ ግን ጠንካራ ነው። ሳህን ላይ ትንሽ ከቆየ ከንፈር ላይ ሰም የለጠፉባችሁ ያህል ይይዛል። ይሄን የሚያውቅ ባለሙያ ጠንካራውን ሞራ ትቶ የፍርምባና የትከሻ ስብ ይመርጣል። የማያውቀው ወይ ስቡን ይፈራና ደረቅ ነገር ይሠራል፣ ወይ ያገኘውን ሞራ ሁሉ ይፈጨዋል። በየሱፐርማርኬቱ የበሬ ቋሊማ ብዙ ጊዜ የሚያሳዝነው ለዚህ ነው። የዶሮውን ደግሞ አታንሱብኝ። ደረቅ ነው፤ በካቻፕ ካልሆነ አይወርድም።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ። ቋሊማው የበሬ ነው ማለት አሳማ የለበትም ማለት አይደለም።

ይሄን የነቃሁት ሰፈሬ ያለ ሉካንዳ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ነጭ ካፖርታቸው ላይ ጥቁር ሰማያዊ መስመር ያለው ሽርጥ ያደርጋሉ። የበሬ ቋሊማ አለ ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ወፍራም፣ ደም ግባት ያለው፣ ስቡ ነጠብጣብ ሆኖ የሚታይ ቋሊማ ነው። ልገዛ ስል አንድ ጥያቄ ከአፌ ወጣ፦ "የሞላችሁበት አንጀት የምንድነው?" ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ "ቆይ ወዳጄ" ብለው ወደ ጓዳ ገቡና አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ይዘው መጡ። ክዳኑን ሲያነሱት ውስጡ ነጭ ጨው የተነሰነሰበት፣ የተጠቀለለ ቀጭን አንጀት ነው። አንዱን ጫፍ መዝዘው ብርሃን ላይ ዘረጉት፤ ጣታቸው በማዶ ይታያል። "ይሄ የአሳማ ነው" አሉ፣ ምንም ሳይደብቁ። "ወፍራሙን ሁሉ የምሞላው በእሱ ነው። የበግ አንጀት የምጠቀመው ለቀጫጭኖቹ ነው። ከፈለግህ ሐሙስ በበግ አንጀት እሞላልሃለሁ።"

ሰውየውን ወደድኳቸው። የሐሙሱን ቋሊማም ወደድኩት።

የአብዛኛው ሉካንዳ አሠራር እንደዚህ ነው። የአሳማ አንጀት ወፈር ያለና የማይቀደድ ስለሆነ የበሬውንም የበጉንም ይሞሉበታል። ማታለል አይደለም፤ አብዛኛው ደንበኛ ግድ ስለሌለው ነው። የፋብሪካዎቹ ደግሞ በኮላጅን የሚሠራ ሽፋን አላቸው፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከከብት ቆዳ ነው የሚወጣው፣ ቢሆንም ማሸጊያው ላይ "ቢፍ ኮላጅን" የሚል ካላያችሁ እርግጠኛ መሆን አትችሉም። አንዳንዱ ደግሞ የበሬውን ሥጋ ለማለስለስ የአሳማ ስብ ጣል ያደርግበታል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ ስቡ የማን ነው? አንጀቱስ የማን ነው? በጥያቄው የሚናደድ ባለ ሥጋ ቤት ካጋጠማችሁ ውጡ። ደህናው ሰው ይደሰታል፤ ስለ ሥራው የሚጠይቀው ሰው ብዙ የለውማ።

ስኮትላንድ ስሄድ ደግሞ ጣጣው ግማሹ አለቀ። እዚያ የበሬ ቋሊማ ብርቅ አይደለም፤ ከአሳማው እኩል ይሸጣል። ደስ ያለኝ ግን ሎርን የሚሉት ካሬ ቋሊማ ነው። አንጀት የለውም! የተፈጨው ሥጋ ከራስክና ከቅመም ጋር ይታሽና በዳቦ መጋገሪያ ቅርጽ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ሲጠነክር እንደ ዳቦ በስሱ ይቆረጣል። መጥበሻ ላይ ሁለቱ ፊት እኩል ይበስላል፣ አይንከባለልም፣ ዳቦ ውስጥም ልክክ ብሎ ይገባል። ግላስጎ ውስጥ ጠዋት ወደ ሥራ የሚሮጥ ሰው በክብ ዳቦ ይዞት ይሄዳል፤ ከላዩ እንቁላል ሲጨመርበት አስኳሉ እጅጌ ላይ ይፈስሳል፣ በቃ ያን ቀን ሸሚዛችሁ ሄደ። ሎርን ከበሬ ብቻም፣ ከበሬና ከአሳማ ተቀይጦም ይሠራል። ስለዚህ ጥያቄው አይቀርም፤ ግን ወደ አንድ ይወርዳል።

ዌልሶች ግላሞርጋን የሚሉት ሥጋ የሌለው ቋሊማ አላቸው፤ ኬርፊሊ ከሚሉት ቺዝ፣ ከባሮ ሽንኩርትና ከዳቦ ፍርፋሪ የሚሠራ። ጣፋጭ ነው። ረቡዕና አርብ ግን አያዋጣም፣ ቺዙ አለ። ለጾም ቀን የሚሆነው ያው ቦሎቄው፣ እንጉዳዩ፣ ቲማቲሙና በዘይት የተጠበሰ ዳቦው ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግማሹ የእንግሊዝ ቁርስ የጾም ምግብ ነው። ማንም አልነገራቸውም እንጂ።

ጥሩ ቋሊማ ገዝቶ የሚያበላሽ ሰውም ብዙ ነው። መጥበሻውን እሳት ያስመስለውና ቋሊማውን ይወረውርበታል። ቆዳው በደቂቃ ይጠቁራል፣ ውስጡ ጥሬ ነው። ያን ጊዜ ደንግጦ በሹካ ይወጋዋል። አትውጉት! ለወዝ ብላችሁ ገንዘብ ከፍላችሁ ወዙን እሳት ላይ ማፍሰስ ምን የሚሉት ነው? ቋሊማ ትዕግሥት ይፈልጋል። እኔ ከፍሪጅ አውጥቼ ትንሽ አቆየዋለሁ። ወፍራም መጥበሻ፣ ዝቅ ያለ እሳት፣ ጠብታ ዘይት። መጀመሪያ ምንም ድምፅ አይሰማም፣ እናም እሳቱን ከፍ ለማድረግ እጃችሁ ይበላችኋል። ተዉት። ትንሽ ቆይቶ ቀስ ያለ ሹክሹክታ ይጀምራል። በየደቂቃው ሩብ ዙር አዞረዋለሁ። ቆዳው መጀመሪያ ግራጫ ነው፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ማር የመሰለ፣ መጨረሻ ላይ እንደ አዲስ ጫማ ያብረቀርቃል። ለወፍራሙ ሃያ ደቂቃ አይበዛበትም። የምትጨነቁ ከሆነ የምግብ ቴርሞሜትር ግዙ፤ የአገሩ የምግብ ደህንነት መሥሪያ ቤት የሚለው መሐሉ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ለሁለት ደቂቃ ይቆይ ነው። የተፈጨ ሥጋ ስለሆነ መሐሉ ቀይ ሆኖ መበላት የለበትም። ጥሬ ሥጋ ወዳጆች፣ ይሄ ክትፎ አይደለም።

ሌላው ሁሉ የሚከተለው እሱን ነው። ቋሊማው ሊደርስ ሲል ቲማቲሙን ለሁለት ከፍዬ ሆዱን ወደ ታች እዚያው መጥበሻ ላይ አደርገዋለሁ። እንጉዳዩ ለብቻው፣ በሌላ መጥበሻ፣ ጠንከር ባለ እሳት፤ ውሃውን እስኪጨርስ አይነካም። እንቁላሉ የመጨረሻው ነው። ሳህኑ መሞቅ አለበት፤ የበሬ ስብ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ምን እንደሚሆን ነግሬያችኋለሁ።

ቦሎቄውን ሳህን ላይ ወይ ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ ማድረግ ላይ እንግሊዞች ይጨቃጨቃሉ። እኔ ከጎድጓዳው ወገን ነኝ። ቀይ ስጎው ሄዶ አስኳሉን ሲነካ ደስ አይለኝም። ሃይንዝ የተባለው የቆርቆሮ ምግብ ኩባንያ ቦሎቄውን እዚህ አገር መጀመሪያ የሸጠው በ1886 ፎርትነም ኤንድ ሜሰን በተባለው የለንደን የሀብታሞች መደብር ነው ይባላል። ያኔ የቅንጦት ዕቃ ነበር። ዛሬ የድሃ ተማሪ እራት ነው። እኛም እጃችን አለበት። ስምጥ ሸለቆ የሚበቅለው ነጭ ቦሎቄ ለአውሮፓ የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካዎች ሲላክ ኖሯል። ከቆርቆሮ ወጥቶ ሳህኔ ላይ ያለው ከየት እንደመጣ ማወቅ አልችልም፣ ግን አንዳንዴ ከዝዋይ አካባቢ የሚያውቀኝ ይመስለኛል።

ቡናማው ስጎ፣ ኤችፒ የሚሉት፣ ለበሬ ቋሊማ ከካቻፕ ይሻላል። ኮምጣጤ፣ ቴምር፣ ታማሪንድና ሞላሰስ አለበት፤ ኮምጣጣነቱ ስቡን ይቆርጠዋል። ስሙን በ1895 ያስመዘገበው የኖቲንግሃም ባለ ግሮሰሪ ነበር። ጠርሙሱ ላይ የእንግሊዝ ፓርላማ ሥዕል አለ። ፋብሪካው ግን በ2007 ከበርሚንግሃም ተነቅሎ ወደ ኔዘርላንድ ሄዷል። ፓርላማው ጠርሙሱ ላይ ቀረ።

ውጭ መብላት ስፈልግ የምሄደው ሆቴል አይደለም። የሆቴል ቁርስ ቋሊማ በብረት ክዳን ሥር ከሌሊት ጀምሮ ሲላብ ያደረ ነው፤ አንድ ጊዜ ስሙ የተከበረ ሆቴል ውስጥ ሹካዬን ስሰካበት ወደ ኋላ የተመለሰ ቋሊማ አጋጥሞኛል። የምወደው እዚህ "ካፍ" የሚሉትን ተራ የሠራተኛ ቤት ነው። ዌስትሚኒስተር ያለውን ሬጀንሲ ካፌ ሂዱና እዩት። ከ1946 ጀምሮ አለ፣ ውጪው ጥቁር ሸክላ ነው። መጀመሪያ ባንኮኒው ላይ ታዝዛላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ቁጭ ትላላችሁ። ምግባችሁ ሲደርስ ከባንኮኒው ጀርባ ቤቱን በሚያናጋ ድምፅ ይጠራል። ግንበኛው፣ ቱሪስቱና የመንግሥት ቢሮ ሠራተኛው በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። ቤትናል ግሪን ያለው ፔሊቺ ደግሞ ከ1900 ጀምሮ በአንድ ጣሊያናዊ ቤተሰብ እጅ ነው፤ ውስጡ በእንጨት ጌጥ ስለተሠራ በቅርስነት ተመዝግቧል። እንደዚህ ያሉ ቤቶች ስገባ ስለ ቋሊማው እጠይቃለሁ። አሳማ ከሆነ እንቁላሌን፣ እንጉዳዬንና ቦሎቄዬን በዳቦ በልቼ፣ ቀይ እስኪሆን የፈላ ሻዬን በወተት ጠጥቼ እወጣለሁ። ቅር አይለኝም። የበሬውን ቤቴ አለኝ።

ቤቴ አለኝ የምለው አሁን ራሴ መሥራት ስለጀመርኩ ነው። ስሚዝፊልድ የሚባለው የለንደን ትልቁ የሥጋ ገበያ ለዚህ ይመቻል። የአሁኑ ሕንፃ የተከፈተው በ1868 ነው፤ ሥራ የሚጀምረው ከለሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ስለሆነ እንቅልፍ ለማይወስደው ሰው ግሩም ቦታ ነው። ጅምላ ሻጮች ናቸው፣ ግን እንደኔ ላለ ችርቻሮ ገዢም አይዘጉም። ስቡ ያለበት ፍርምባ አንድ ኪሎ፣ ትከሻ አንድ ኪሎ። ከመፍጨቴ በፊት ሥጋውንም ማሽኑንም ፍሪዘር ውስጥ አቀዘቅዛለሁ፤ ስቡ ከሞቀ ይቀባባል እንጂ አይፈጭም። ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ15 እስከ 18 ግራም ጨው። ነጭ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ የተፈቀፈቀ ገውዝ፣ ጦስኝ። እፍኝ የደረቀ የዳቦ ፍርፋሪና በረዶ የሆነ ውሃ። ከዚያ በእጅ ማሸት ነው፤ ሥጋው ተጣብቆ፣ እጃችሁን ስትገለብጡት እስከማይወድቅ ድረስ። ጨውና እሽታ ነው እርስ በርሱ የሚያያይዘው፤ ይሄን ከዘለላችሁ መጥበሻ ላይ ይበተናል። አንጀት አልፈልግም። እንደ ስኮቶቹ የዳቦ መጋገሪያ ውስጥ ጠቅጥቄ አንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት እቆርጠዋለሁ።

ከመጠቅጠቁ በፊት ጨውና ቅመሙን ለማየት አንዲት ቁራጭ ጠብሳችሁ መቅመስ አለባችሁ፤ ጥሬውን አትቅመሱ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ያቺ አንዲት ቁራጭ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ጎድሏታል ትሉና ጨምራችሁ ሌላ ትጠብሳላችሁ። ከዚያ ደግሞ ጨዉን ለማረጋገጥ አንድ። ከዚያ በዳቦ እንዴት እንደሚሆን ለማየት። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ሌላ ቀማሽ ይነቃል፣ የእሱም አስተያየት ይጨመራል። በሁለት ኪሎ ተጀምሮ መጋገሪያው ግማሽ ብቻ የሚሞላበት ሌሊት አለ።